በጾም የሚሠራ፣ በፍስክ የሚለግም መድኃኒት፦ ከድሬዳዋ አንድ የፓርኪንሰን ጉዳይ

ጉዳዩ ባጭሩ

ድሬዳዋ የሚኖሩ አንድ አዛውንት የፓርኪንሰን ሕመም አለባቸው። መድኃኒታቸው በዐቢይ ጾም ወቅት ደህና አድርጎ ያውላቸው ነበር። ፋሲካ ሲገባ ለገመ። ኪኒኑ ያው ነው፤ መጠኑም አልተነካም፤ የተገዛውም ከአንድ ቦታ ነው። ቤተሰቡ በሽታው የባሰ መሰለው። መጠኑ ተጨመረ። ነገሩ ተበላሸ እንጂ አልተሻለም።

እኔ ከተማው ውስጥ በአንድ የግል ፋርማሲ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ጉዳዩን የምጽፈው ቤተሰቡ ስለፈቀደ ነው፤ ስም አልጠቅስም። እኛ ባለሙያዎች አንድ መድኃኒት ሠራ ወይም አልሠራም ስንል ሐሳባችን ሆድና ደም ላይ ይቆማል። የአንጎል መድኃኒት ግን ደም ውስጥ ከገባም በኋላ ሌላ ድንበር ይጠብቀዋል። በእኚህ ሰው ላይ የደረሰው ደጉም ክፉውም የተወሰነው በአብዛኛው እዚያ ድንበር ላይ ነው። ለዚህ ነው መመዝገብ አለበት ያልኩት።

ታካሚው

ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቷል። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ ናቸው፤ የባቡር ሰፈር በሆነው ከዚራ ውስጥ ይህ ማንንም ከማንም አይለይም። ሕመሙ የጀመራቸው በቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ነው። ቀጥሎ ፊርማቸው እያነሰ እያነሰ ሄደና ባንክ ቤት «ፊርማው አይመሳሰልም» ተብለው ተመለሱ። ከዚያ እርምጃቸው አጠረ። አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪም ካያቸው በኋላ ፓርኪንሰን መሆኑ ታወቀ። ክትትላቸው እዚሁ ድሬ፣ ከአንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋር ነው።

የሚወስዱት ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ አንድ ላይ ያለበትን ኪኒን ነው። አንዱ ኪኒን 250 ሚሊ ግራም ሌቮዶፓና 25 ሚሊ ግራም ካርቢዶፓ ይዟል። ግማሽ ግማሹን በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ። ይህን ግማሽ ኪኒን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ኪኒኑ ትንሽ ያቅለሸልሻቸዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር ነው የሚወስዱት። ቁርስ ብዙ ጊዜ ፉል በእንቁላል ነው፣ እሑድ ደግሞ ፈጢራ። ትልቁ ማዕድ ምሳ ነው። ጡረተኛ ባለበት ቤት ምሳ ቀልድ አይደለም።

በዐቢይ ጾም ሥርዓቱ ይለወጣል። አዛውንቱ አጥብቀው ይጾማሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። የንስሐ አባታቸው ሕመማቸውን አይተው መድኃኒቱን በውኃ እንዲወስዱ ፈቅደውላቸዋል። ስለዚህ የጠዋቱና የቀትሩ ኪኒን ባዶ ሆድ ላይ ይገባል። ማቅለሽለሹን «ጾም አይደል» ብለው ችለውታል። በዚያ ጾም ቅዳሴ ቆመው አስቀድሰዋል። ከቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ተመልሰዋል። ጠዋት ጠዋት ጸበልም ይጠጡ ነበር።

ችግሩ

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ቤቱ ውስጥ ዶሮው፣ ሥጋው፣ እንቁላሉ፣ አይቡ ተከታተለ። አዛውንቱ ደግሞ በጾሙ ስለከሱ ባለቤታቸው «ሰውነትህ ይመለስ» እያሉ ያጎርሷቸዋል።

በዚያው ሰሞን ከምሳ በኋላ እግራቸው መሬት ላይ መጣበቅ ጀመረ። በር ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ መሻገር ያቅታቸዋል። የቀትሩ ኪኒን እንዳልተወሰደ ሆነ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ወንበር ላይ ደርቀው ይቀመጣሉ። ቤተሰቡ እንዲህ ሲሆኑ «ተያዘ» ይላል፤ ሲሻላቸው ደግሞ «ለቀቀው»። እኔም ከዚህ በኋላ በዚሁ አነጋገር እቀጥላለሁ፤ ከሕክምናው ቃል ይልቅ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ለባለቤታቸው ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ጸበሉ ተቋረጠ። ልጃቸው ደግሞ በሽታው አንድ ደረጃ ጨመረ አለች። ሐኪሟም እንደዚያው ገመተች፤ ፓርኪንሰን በጊዜ ብዛት የሚባባስ ሕመም ስለሆነ ግምቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ግማሹ ወደ ሙሉ ኪኒን ከፍ አለ። የሌቮዶፓው መጠን በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆነ።

ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነበር። ጠዋት አንገታቸውና ትከሻቸው ያለፈቃዳቸው መወዛወዝ ጀመረ። ይህ መድኃኒቱ ሲበዛ የሚመጣ ነገር ነው። ከምሳ በኋላ ግን እንደ ወትሮው ይያዛሉ። ይህ ደግሞ መድኃኒቱ ሲያንስ ነው። በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ኪኒን፣ ጠዋት ይበዛል፣ ከሰዓት ያንሳል። በሽታው ብቻ ቢብስ ኖሮ እንዲህ በሰዓት ተከፋፍሎ አይመጣም ነበር።

በዚያ ላይ ማስታወክ ተጨመረ። አንድ ጤና ተቋም ወሰዷቸው። ለማስታወኩ ፕላሲል ታዘዘ። ይህ ሜቶክሎፕራማይድ የሚባለው መድኃኒት ነው፤ ድሬ ውስጥ ትውከት ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ተነግሮ እንደሆነ ማጣራት አልቻልንም። ቀናት ሳይቆዩ አዛውንቱ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። ፊታቸው ጨፈገገ፣ ለሐጫቸው መፍሰስ ጀመረ፣ ድምፃቸው ጠፋ። ልጃቸው የፕላሲሉን ማሸጊያና የማዘዣ ወረቀቶቹን ይዛ ወደ እኔ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

ከደም ወደ አንጎል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ ካልገባን የተቀረው ሁሉ ግምት ይሆናል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1885 ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ እንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ወጋ። አካላቸው ሁሉ ተቀባ፤ አንጎላቸው ግን እንደነጣ ቀረ። እሱ አንጎል ቀለሙን አይወድም ብሎ አሰበ። ተማሪው ኤድዊን ጎልድማን በ1913 ነገሩን ገልብጦ ሞከረው፤ ቀለሙን አንጎልን በሚያጥበው ፈሳሽ ውስጥ ከተተ። አሁን አንጎሉ ተቀባ፣ ሌላው አካል ቀረ። ስለዚህ ቀለሙ ጉዳይ የለውም፤ በመሃሉ ድንበር አለ ማለት ነው። ድንበሩ የቱ ጋ እንዳለ ቁልጭ ብሎ የታየው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በ1967 ነው። የአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ሴሎች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ተዘግተዋል። በሌላው አካል ባለው የደም ሥር በሴሎች መሃል የሚሾልከው ነገር እዚህ አይሾልክም።

ታዲያ ምን ያልፋል? ትንሽ ሆኖ በስብ የሚሟሟ ነገር በሴሉ ውስጥ አልፎ ይገባል። አልኮል፣ የቡና ካፌይን፣ የሲጋራ ኒኮቲን ይገባሉ። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ምርቃና የሚመጣለትም የጫቱ ካቲኖን ይህን ድንበር ስለሚያልፍ ነው። ሌላው ብዙ መድኃኒት ግን አያልፍም። ገና ሳይገባ በሴሉ ውስጥ ባሉ ፓምፖች ተመልሶ ወደ ደም የሚገፋም አለ። የተቅማጥ መድኃኒቱ ሎፐራማይድ በዘሩ ከሞርፊን ወገን ነው፤ በትክክለኛው መጠን የወሰደውን ሰው የማያደነዝዘው እነዚህ ፓምፖች ስለሚመልሱት ነው።

ወደ ፓርኪንሰን እንምጣ። በዚህ ሕመም አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚያመርቱ ሴሎች ይሞታሉ። ዶፓሚን በኪኒን ወይም በመርፌ ብንሰጥ አይጠቅምም፤ ድንበሩን አያልፍም። መፍትሔው ሌቮዶፓ ሆነ። ሌቮዶፓ አሚኖ አሲድ ነው። አንጎል ከምግብ የሚመጡ አሚኖ አሲዶችን ስለሚፈልግ ድንበሩ ላይ የሚያሻግራቸው ተሸካሚ ፕሮቲን አለው። ሌቮዶፓ በዚያ ይሻገርና ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ በመድኃኒት እንዲደርቁ የተደረጉ ጥንቸሎችን በሌቮዶፓ አስነሳ፤ በ2000 ኖቤል ተሸለመ። በ1961 ቪየና ውስጥ ለታካሚዎች በደም ሥር ተሰጠ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ አሜሪካ ውስጥ በአፍ፣ ቀስ በቀስ መጠኑን እየጨመረ፣ ዛሬ የምናውቀውን ሕክምና አስጀመረ።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ያ ተሸካሚ የሌቮዶፓ ብቻ አይደለም። ሊዩሲን፣ አይሶሊዩሲን፣ ቫሊን፣ ፌኒልአላኒን፣ ታይሮሲን፣ ትሪፕቶፋን ሁሉም በእሱ ነው የሚያልፉት። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ሲፈጩ የሚወጡት እነዚሁ ናቸው። ለልጃቸው ያስረዳሁት በባጃጅ ነው። ባጃጁ ሦስት ሰው ነው የሚጭነው። ሠርግ ቤቱ የተበተነ ሰዓት መንገድ ላይ የቆምሽ እንደሆነ ገንዘብ ቢኖርሽም አትሳፈሪም፤ ወረፋው ነው የሚያስቀርሽ። ከዶሮ ወጥ በኋላ ያለው ደም ሠርግ ቤቱ የተበተነበት ሰዓት ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1984 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሌቮዶፓን በቀጥታ በደም ሥር አንጠባጥቦ ሰጠ። ሆድ ከጨዋታው ወጣ ማለት ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን እንዳለ እያለ ታካሚዎቹ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ሲበሉ ተያዙ። ሊዩሲን ወይም ፌኒልአላኒን ለብቻው ሲሰጣቸውም ተያዙ። በሌላ ተሸካሚ የሚሻገሩት ግላይሲንና ላይሲን ሲሰጧቸው ግን ምንም አልሆኑም። ሆድም የራሱ ድርሻ አለው፤ ምግብ ኪኒኑን ያዘገየዋል፣ አንጀት ላይም ተመሳሳይ ሽሚያ አለ። ነገር ግን ደሙ ሞልቶም አንጎል ሊራብ ይችላል።

ካርቢዶፓስ ለምን አብሮ ይሰጣል? ሌቮዶፓ ብቻውን ከተሰጠ አብዛኛው አንጎል ሳይደርስ በመንገድ ላይ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። እዚያ የተፈጠረ ዶፓሚን አንጎል አይገባም፤ ያስመልሳል ብቻ። ካርቢዶፓ ይህን በመንገድ ላይ የሚሆነውን ለውጥ ያግዳል። እሱ ራሱ ድንበሩን ስለማያልፍ አንጎል ውስጥ ያለውን ለውጥ አይነካም። በእሱ ምክንያት የሚያስፈልገው ሌቮዶፓ በ75 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሥራውን በደንብ እንዲሠራ ግን በቀን ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ይፈልጋል።

አሁን ወደ ግማሽ ኪኒኗ እንመለስ። ግማሽ ኪኒን ሦስት ጊዜ ማለት 37.5 ሚሊ ግራም ካርቢዶፓ ነው። ከሚያስፈልገው ግማሹ ቢሆን ነው። ማቅለሽለሹ የመጣው ከዚህ ነው። ማቅለሽለሹን ለማስታገስ ኪኒኑ ከምግብ ጋር ተወሰደ። ከምግብ ጋር ስለተወሰደ ድንበሩ ላይ ወረፋ ጠበቀው። ሰንሰለቱ እንዲህ ነው።

ምን ተደረገ

መጀመሪያ ፕላሲሉ ቆመ። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ፤ ወዲያው ተስማማች። ፕላሲል ዶፓሚን የሚቀመጥበትን ቦታ የሚዘጋ መድኃኒት ነው፤ ድንበሩንም አልፎ ይገባል። የፓርኪንሰን ታካሚ ላይ የቀረችውን ዶፓሚን ሥራ ያስፈታታል።

የሚገርመው ማስታወክን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል ከድንበሩ ውጪ ነው። ደም ውስጥ መርዝ ካለ ቶሎ እንዲያውቅ የተተወ ክፍት ቦታ ነው። ስለዚህ ድንበሩን እምብዛም የማያልፍ መድኃኒት ማስታወኩን አስቁሞ የቀረውን አንጎል ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። ዶምፔሪዶን ይህ ነው። የልብ ምት ላይ ችግር ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሟ መጀመሪያ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) አሠራች፤ ከዚያ በ10 ሚሊ ግራም ለአጭር ጊዜ ሰጠቻቸው። ፕላሲሉ ከቆመ በቀናት ውስጥ ከአልጋ መነሳት ጀመሩ። ሙሉ በሙሉ እስኪለቃቸው ግን ቆየ።

የኪኒኑ መጠን ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ልጃቸው ደብተር ያዘች። ኪኒኑ የተወሰደበት ሰዓት፣ የተበላው ምግብ፣ አባቷ የተያዙበትና የለቀቃቸው ሰዓት። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር እንዲሆን አሳሰብኳት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ማዘዣ ላይ «8:00» ተብሎ ተጽፎ የጠዋቱን መድኃኒት ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሚወስድ ሰው በየጊዜው ያጋጥመኛል።

ደብተሩ የሃምሳውን መጨረሻና የጾመ ሐዋርያትን መጀመሪያ ያዘ። ይህ የቀን አቆጣጠር ዕድላችን ሆነ። ሥጋ፣ ዶሮ ወይም እንቁላል የተበላበት ምሳ ላይ የተወሰደው ኪኒን ወይ በጣም ይዘገያል ወይ ጨርሶ አይሰማም። ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ባለቤታቸው ስለሚጾሙ የቤቱ ወጥ የጾም ሆነ። አዛውንቱ በሐኪሟ ምክር አልጾሙም፤ በሰዓቱ ነበር የሚበሉት፤ ኪኒኑንም እንደ ልማዳቸው ከምግብ ጋር ነው የሚወስዱት። የተለወጠው ወጡ ብቻ ነው። ከሰዓቱ መያዝ አጠረ። ሽሮም ምስርም ፕሮቲን አላቸው፤ አንድ ምሳ ላይ የሚገባው ግን ከዶሮ ወጡ ከነእንቁላሉ ያንሳል።

እንደ ዐቢይ ጾሙ ጥሩ አልሆነም፤ ይህም የራሱ ትምህርት አለው። በዐቢይ ጾም ሁለት ነገር አንድ ላይ ነበር፤ ፕሮቲኑ ትንሽ ነበር፣ ኪኒኑም ባዶ ሆድ ይገባ ነበር። በጾመ ሐዋርያት የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱንም ያለ ጾም ማግኘት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ቀረ።

ሐኪሟ ኪኒኑን ቀየረችው። 100 ሚሊ ግራም ሌቮዶፓ ከ25 ሚሊ ግራም ካርቢዶፓ ጋር የያዘውን፣ አንድ አንድ በቀን አራት ጊዜ። ሌቮዶፓው ከቀድሞው ብዙም አልራቀም፤ 375 የነበረው 400 ሆነ። ካርቢዶፓው ግን ከ37.5 ወደ 100 ወጣ። ኪኒኑ በዚያ ሰሞን ድሬ ውስጥ ስላልተገኘ ከአዲስ አበባ በዘመድ መጣ። ኪኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው፣ ከበሉ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይተው በውኃ እንዲወስዱ ተስማማን። የፍስክ ምግቡ ወደ እራት ሄደ። ቁርስ ገንፎ ወይም ዳቦ በሻይ፣ ምሳ አትክልትና ቀለል ያለ ወጥ፣ እራት ላይ እንደፈለጉ።

አዛውንቱ ይህን ስነግራቸው ያሉኝን አልረሳውም። «አቦ ልጄ፣ ዶሮ ወጥ በማታ ልብላ? ሌባ ነኝ እንዴ?»

የሠራውና ያልሠራው

በደንብ የሠራው ኪኒኑን ከምግብ ማራቁ ነው። ገንዘብ አይጠይቅም። ማቅለሽለሹም ካርቢዶፓው ሲሞላ ስለቀነሰ ባዶ ሆድ መውሰዱ ያን ያህል አላስቸገራቸውም። ካስቸገራቸው አንድ ደረቅ ብስኩት ይበቃል። የጠዋቱ መወዛወዝ ጠፋ። የከሰዓቱ መያዝ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን በር ላይ መቆሙ ቀርቶ ወደ ጎረቤት መሄድ ጀመሩ።

ፕሮቲኑን በሙሉ ወደ እራት መውሰዱ ግን በግማሽ ነው የሠራው። ቀኑ ሲሻላቸው ሌሊቱ ባሰ። ከከባድ እራት በኋላ አልጋ ላይ መገላበጥ ያቅታቸዋል፤ ባለቤታቸው ተነሥተው ያገላብጧቸዋል። በዚያ ላይ ቀን ቀን ምግቡ ስለቀለለ ክብደታቸው ወረደ። በፓርኪንሰን ክብደት መቀነስ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ ተመለስን። ምሳ ላይ ትንሽ ሥጋ ወይም እንቁላል ተፈቀደ፤ የቀትሩ ኪኒን ግን ቀድሞ መወሰዱ ግዴታ ሆነ። ብዙዎች ይህን ጉዳይ ሲሰሙ «ሥጋ ይተዉ» ወደሚል ድምዳሜ ይሮጣሉ። እኔ አልስማማም። አዛውንት ተርቦ አይሻለውም፤ ሰዓቱን ማስተካከል ይቀድማል።

ግብዣ ያልተፈታ ችግር ነበር። ሰው ቤት ሄደው ጉርሻ አልቀበልም ማለት አይቻልም። ልጃቸው መላ አገኘች፤ ከግብዣው አንድ ሰዓት ያህል ቀድመው ይወስዳሉ፣ ከዚያ የተሰጣቸውን ይበላሉ፣ እስኪያዙ ድረስ ያለውን ጊዜ ተጨዋውተው በጊዜ ይመለሳሉ። ሐኪም ከሚያዘው ይህ ይሻላል።

ጎረቤት ደግሞ ባቄላ አዘዘ። ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም፤ ሌቮዶፓ በመጀመሪያ የተለየው በ1913 ከባቄላ ነው። ነገር ግን በብዛት ያለው እሸቱና ቅርፊቱ ላይ ነው። ደርቆ የተቀቀለው ላይ ጥቂት ነው የሚገኘው፤ መጠኑም ከማሳ ማሳ ይለያያል። ካርቢዶፓም የለበትም። በዘር በሚተላለፍ የኢንዛይም ጉድለት ምክንያት ባቄላ ቀይ የደም ሴላቸውን የሚያፈርስባቸው ሰዎችም አሉ። እሸት ሲደርስ ደስ ብሏቸው ይብሉ፤ ኪኒኑን ግን አይተካም።

ጸበሉን በተመለከተ ምንም አልተከራከርኩም። ባለቤታቸው ጸበሉን ቀጠሉ፤ ኪኒኑን ለማስዋጥ በሚጠጣው ውኃ ምትክም አደረጉት። እኔ የምፈልገው ውኃ ነበር፤ እሳቸው የተሻለ ውኃ አገኙ።

ለሌሎች የሚተርፈው

የአንጎል መድኃኒት የወሰደ ሰው «አይሠራም» ሲል መጠን ከመጨመር በፊት አራት ነገር መጠየቅ ይገባል። በስንት ሰዓት ወሰድክ? ከምን ጋር ወሰድክ? ሌላ ምን ትወስዳለህ? በየትኛው ሰዓት ነው የማይሠራው? እኛ ጋ ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የአይረን ኪኒን ለምሳሌ ሌቮዶፓን ሆድ ውስጥ አስሮ ያስቀረዋል፤ ለደም ማነስ ተብሎ አብሮ የሚወሰድበት ቤት አይቻለሁ። በሰዓታት ማራራቅ ያስፈልጋል።

ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ቤት ውስጥ አንድ ወረቀት ቢኖር ጥሩ ነው፤ «ፕላሲል አይሰጠኝም» የሚል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱ ሃሎፐሪዶልም እዚያው ይጻፍ፤ ይህም ድንበሩን አልፎ የዶፓሚንን ቦታ ይዘጋል። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የሚገኝ ባለሙያ የታካሚውን ታሪክ አያውቅም። የእኚህ ሰው ልጅ ወረቀቱን በመታወቂያቸው ጀርባ ለጥፋዋለች።

ማዘዣ ጻፊዎች ደግሞ 250/25ን በግማሽ ሲያዙ ካርቢዶፓውን ደምረው ይዩት። በከተማችን አንዳንዴ የሚገኘው እሱ ብቻ ስለሆነ ምርጫ ላይኖር ይችላል። ቢያንስ ማቅለሽለሹ ከየት እንደመጣ ይታወቃል፤ ወደ ፕላሲል አያስሮጥም።

ድሬ የክርስቲያንም የሙስሊምም ከተማ ስለሆነች ስለ ረመዳንም ማንሳት ግድ ነው። እዚያ ነገሩ ይገለበጣል። ቀን ኪኒንም ውኃም የለም፤ ማታ ደግሞ ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ሥጋው፣ ለብዙዎችም የግመል ወተቱ አንድ ላይ ይመጣል። የሌቮዶፓ ኃይል ደም ውስጥ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከሱሑር እስከ ኢፍጣር አይደርስም። በድንገት ማቋረጡ ደግሞ ትኩሳትና ከባድ መገተር ያለበት፣ ሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ከሐኪም ጋር፣ ከሸኽም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ሕመምተኛ የተፈቀደለት ነገር እንዳለ ከእኔ ሲሰሙ የማይቀበሉ፣ ከሸኻቸው ሲሰሙ የሚቀበሉ ደንበኞች አሉኝ። ትክክልም ናቸው፤ እኔ ፋርማሲስት ነኝ።

አሁን ያለበት

የእጃቸው መንቀጥቀጥ አልለቀቃቸውም። መንቀጥቀጥ ለሌቮዶፓ ከመገተሩ ያነሰ የሚመልስበት ሰው አለ፤ እሳቸውም ከእነዚያ ናቸው። የሚያስቸግራቸው ግን እሱ ሳይሆን ሌሊቱ ነው። ሐኪሟ ከመኝታ በፊት የሚወሰድ ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነት ኪኒን ልትሞክር አስባለች፤ አዲስ አበባ እየተፈለገ ነው። እራቱን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ማምጣቱም እየተሞከረ ነው። በድሬ ሙቀት በዚያ ሰዓት ትኩስ ወጥ ማን ይበላል የሚል ተቃውሞ ከባለቤታቸው ቀርቧል። የ100/25 ኪኒኑ አቅርቦትም አስተማማኝ አይደለም። አሁን በእጃቸው ያለው እስከ መስከረም ያደርሳል፤ ልጃቸው ከወዲሁ ለአዲስ አበባው ዘመድ ደውላለች።